ቃል አመላላሿ

በጥርስ ክሊኒኩ እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራውን ሴት ሁሉም ሰው «ማሬ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ሐኪሙ ራሱ ነው። ሐኪሙ እጁ ወርቅ፣ ምላሱ እሾህ የሆነ ሰው ነው። «ያ ሰውዬ ከፈለገ ይጠብቅ፣ ካልፈለገ ጥርሱን ራሱ በጉጠት ይንቀል በዪው!» ይልና በሩን ይዘጋል። ማሬ ወደ ታካሚው ዞር ብላ «ዶክተር በጣም ይቅርታ ጠይቀዋል፤ እርስዎን በጥድፊያ ማየት ስላልፈለጉ ነው» ትላለች። ጉንጩ ያበጠው ሰውዬ ጭራሽ አመስግኖ ይቀመጣል።

ይህን ሙያ ማንም አላስተማራትም፤ ከቤቷ ይዛው የመጣችው ነው።

እናትና አባቷ ሆድና ጀርባ የሆኑት እሷ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው። ለምን እንደተኳረፉ እስከ ዛሬ አታውቅም። አልተፋቱም፣ አልተደባደቡም፤ ብቻ መነጋገር አቆሙ። አባቷ ፊት ለፊት ባለው ክፍል መስኮት ሥር ሰዓት ይጠግናል፤ እናቷ ጓዳ ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። በመሃል ያለው በር ክፍት ነው፤ የአንዱ ሳል ለሌላው ይሰማል። ቃል የሚያልፈው ግን በልጅቷ እግር ብቻ ነበር።

«ለአባትሽ ንገሪው፤ ጣሪያው እያፈሰሰ ነው፣ ዓይን ካለው ይየው።»

«ለእናትሽ ንገሪያት፤ ጆሮ አለኝ፣ ሰምቻለሁ።»

መጀመሪያ መጀመሪያ የተባለችውን እንዳለ ታደርስ ነበር። አንድ ቀን እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «አንተን ካገባሁ ወዲህ አንድ ደህና ቀን አላየሁም ብላሃለች በይው» አለቻት። ልጅቷ እየሮጠች ሄዳ ቃል በቃል ነገረችው። አባቷ የያዘውን ሰዓት በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ኮቱን ለበሰና ወጣ። በማግስቱም አልመጣም። እናቷ የልጅቷን ትከሻ ይዛ እየነቀነቀች «ምን ብለሽ ነው የነገርሽው? ምን ብለሽ ነው?» እያለች አለቀሰች። ለልጅቷ የገባት አንድ ነገር ነው፤ አባዬን ከቤት ያስወጣሁት እኔ ነኝ።

ሰንብቶ ሲመለስ ልጅቷ ሌላ ሰው ሆና ጠበቀችው። «አባዬ፣ እማዬ ጣሪያ እንዳንተ የሚያውቅበት የለም አለች።» አባቷ ተነሥቶ መሰላል ፍለጋ ወጣ። ወደ ጓዳ ገብታ ደግሞ «እማዬ፣ አባዬ ዓይንሽ እንዳይደክም መብራቱን አብሪ ብሎሻል» አለች። እናቷ መርፌዋን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ተነሥታ መብራቱን አበራች።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት መራራ ቃል የመሃሉን በር ተሻግሮ አያውቅም። ልጅቷ የሁለቱንም ፊት እንደ ሰማይ እያነበበች፣ ይደምን እንደሆነ ይጠራ እንደሆነ ስታይ አደገች። እሷ ራሷ ምን እንደምትፈልግ የጠየቃት አልነበረም፤ እሷም ራሷን ለመጠየቅ ፋታ አላገኘችም።

አድጋ መጀመሪያ የወደደችው ሰው ጨው የማይቀምስ አስተማሪ ነበር፤ እሷም ጨው ተወች። ቀጥሎ የኳስ እብድ የሆነ ነጋዴ መጣ፤ ስታዲየም ገብታ ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች፣ ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬም አልገባትም። አስተማሪው ሲለያት «ከአንቺ ጋር መጣላት እንኳ አይቻልም» አላት። ነጋዴው ደግሞ «ብቻዬን የምኖር ነው የሚመስለኝ» አለ። ሁለቱንም በፈገግታ ሸኘቻቸው።

ሦስተኛው የሊፍት ቴክኒሻን ነው። የመንጋጋ ጥርሱ አሞት ክሊኒኩ መጣ፣ ሐኪሙ በበሩ ቀዳዳ የተሳደበውን በገዛ ጆሮው ሰማ፣ ማሬ ያንን ስድብ አጣፍጣ ስታቀርብለት ደግሞ ያበጠ ጉንጩን ይዞ በሳቅ ፈነዳ። «ኧረ በሞቴ! ሰውዬው እኮ አህያ ነው ያለኝ።» እንዲህ ተዋወቁ፤ ዓመት ሳይሞላ አንድ ቤት ገቡ። ቴክኒሻኑ በሆዱ የሚይዘው ነገር የለም፤ ሲከፋው ከፍቶኛል፣ ሲርበው ርቦኛል የሚል ሰው ነው። «አንቺስ?» ይላታል ሁልጊዜ። «አንተ ደስ እንዳለህ» ትለዋለች። እሱ ይስቃል፤ በኋላ በኋላ ሳቁ እያነሰ መጣ።

ቴክኒሻኑ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ተጣልቷል። በእናታቸው ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ወንድሙን «እናታችን ስታጣጥር የት ነበርክ?» ብሎት ነበር። በኋላ ተጸጸተ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነና መመለሻ አጣ። አንድ ቅዳሜ ስልኩን ቤት ረስቶ ሄደ፤ ወንድሙ ደወለ፣ ማሬ አነሣች።

«እህቴ፣ ንገሪልኝ። ልጄን ልድር ነው። ከሰው ሰምቶ እንዳይመጣ። ለቅሶ ላይ ያዋረደኝ ይበቃኛል።»

«እሺ ጋሼ፣ እነግረዋለሁ።»

ልትነግረውም አስባ ነበር። ግን ማታ ሲገባ ስልኩን አየና ፊቱ እንደ ሕፃን በራ። «ወንድም ጋሼ ነው የደወለው? ምን አለ? ምን አለሽ?»

ያንን ፊት ማጥፋት አልቻለችም። አፏ ከእሷ ቀድሞ ሄደ። «ልጁን ሊድር ነው። ብትመጣ ደስ ይለዋል።» ዓይን ለዓይን ከተያዩ ነገሩ በዚያው ያልቃል ብላ ራሷን አጽናናች። እሱ አዲስ ሱፍ አሰፋ፤ ወንድሙን የሚያቅፍበትን መንገድ መስታወት ፊት እየቆመ ይለማመድ ነበር።

አዳራሹ በር ላይ ወንድሙ ደረቱ ላይ አበባ ሰክቶ እንግዳ ይቀበላል። ቴክኒሻኑ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቀረበ።

«ማን ጠራህ?» አለ ወንድሙ።

«አንተ ነሃ ወንድም ጋሼ! ደውለህ…»

ወንድሙ በትከሻው አሻግሮ ማሬን አያት። «እኔማ እንዳይመጣ ንገሪው ነው ያልኳት። እህቴ፣ አላልኩሽም?»

ከኋላ የቆሙት እንግዶች እርስ በርስ ተያዩ። የቴክኒሻኑ እጆች ገና አልታጠፉም። ማሬ የምትለው ፈልጋ አፏን ከፈተች፤ ለሁለቱም የሚጥም አንድም ቃል አልመጣላትም።

ቤት ሲደርሱ ጩኸት ጠበቀች፤ አልጮኸም። ኩርፊያ ጠበቀች፤ እሱንማ ታውቅበት ነበር፤ አላኮረፈም። አዲስ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ።

«በሰርጉ አይደለም የተናደድኩት» አላት። «የምሠራልሽን ምግብ የወደድሽው፣ ይሄን ቤት የወደድሽው፣ እኔንም… የትኛው የራስሽ ቃል እንደሆነ በምን ልወቅ?»

«ሁሉም የራሴ ነው» አለች። ስትናገረው ግን ለራሷም እርግጠኛ አልሆነችም፤ ሌላው ሁሉ ቀርቶ ይሄ አስደነገጣት።

ብዙም ሳይቆይ ሩቅ ከተማ ሥራ አገኘ። «ልሂድ ወይስ ልቅር? አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው። አስቢበት» አላት።

በማግስቱ እናቷ ዘንድ ሄደች። አባቷ ካረፈ ቆይቷል። ምን ልትጠይቅ እንደሄደች በቅጡ አታውቅም፤ ምናልባት «ምን አደረጋችሁኝ?» ልትል ይሆናል። እናቷ ግን ልጇን ስታይ ደስ ብሏት ወሬ ጀመረች።

«አባትሽ እኮ ፊት ለፊት መናገር አይሆንለትም እንጂ ልቡ ደግ ነበር። ‹ዓይንሽ እንዳይደክም መብራቱን አብሪ› ብሎ ላከብኝ፤ ትዝ ይልሻል? ሲከፋኝ እሱን እያሰብኩ ነው የምጽናና። አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል፤ አንድም ቀን እኔ መልካም ቃል አልላክሁለትም።»

ማሬ የእናቷን የተጨማደደ እጅ ይዛ ተቀመጠች። እውነቱን ብትናገር አሮጊቷ በዚህ ዓለም የቀራትን ባል ልትቀማት ነው። «ደስተኛ ነበር እማዬ» አለች። ሌላ ሳትጨምር ተሰናብታ ወጣች።

ማታ ቴክኒሻኑ ወንበሩን አዙሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ተቀመጠ።

«ፊቴን እያየሽ እንዳትመልሺ ነው» አለ። «ልሂድ ወይስ ልቅር?»

ጀርባውን አየችው። ጀርባ አይነበብም። ትከሻው ዝቅ ያለው ከድካም ነው ወይስ ከተስፋ? መሄድ ፈልጎ እንድትለቀው ነው የሚጠይቃት ወይስ እንድትይዘው? «ቅር» የሚለው ቃል ደረቷ ውስጥ ነበር፤ መኖሩን በእርግጥ ታውቃለች፣ በሕይወቷ እንዲህ የጠራ ነገር አውቃ አታውቅም። ግን ቅር ብትለው፣ ቀርቶ ቢከፋው፣ ኮቱን ለብሶ ቢወጣስ? ከንፈሯ ተላቀቀ።

«አንተ… ደስ እንዳለህ» አለች።

ለረጅም ጊዜ አልዞረም። ሲዞር ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ መልሱ የቱ እንደነበር ያኔ ነው የተነበበላት። ያኔ ደግሞ «ቅር» ማለት ፊቱን አይቶ መመለስ ሆነ፤ እሱም አያምናትም፤ እሷም ራሷን አታምንም።

በሳምንቱ ሄደ። ልብሱን አጥፋ ሻንጣውን ያዘጋጀችው እሷ ናት።

ከወር በኋላ እንደ ምንም ደፍራ ደወለች። ከኋላው መዶሻ ይሰማል።

«ደህና ነሽ?» አለ። ጠበቃት። «ልትነግሪኝ የፈለግሽው ነገር አለ?»

ትንፋሹን አዳመጠች። ደክሞት ይሁን ተከፍቶ መለየት አቃታት። ራሷን «ተናገሪ፣ አሁን ተናገሪ» አለቻት።

«እዚያ… ይበርዳል እንዴ?» አለችው።

«አይ፣ አይበርድም» አለ በቀስታ።

ሁለቱም ስልኩን ሳይዘጉ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ አለቃው ጠራውና ሄደ።