የመሀሉ ስፒከር

ልብስ ሰፊው ሪሞቱን ተጭኖ ድምፁን እስከ ጥግ ወሰደው። በፊልሙ ውስጥ አንድ ሰውና አንዲት ሴት ዝናብ ላይ ቆመው ይነጋገራሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው ግን ዝናቡ ብቻ ነው። ድንገት ተኩስ ተከፈተና የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

ሻንጣውን ስታሰናዳ የነበረችው ሴት ልጁ የእሱን ሹራብ እንደያዘች ከመኝታ ቤት ሮጣ ወጣች።

"አባዬ! ሰፈሩን ልታፈርሰው ነው እንዴ?"

"የሚሉት አይሰማማ።"

"እኔስ ምን አልኩ? ጆሮህ ደክሟል። ብቻህን አትኖርም። ዛሬ እኔ ጋ ትገባለህ፤ አለቀ።"

አልተከራከራትም። ሚስቱ ከተቀበረች ወዲህ ሰውነቱ ሁሉ እንደተኙበት ክንድ ደንዝዟል፤ ቢቆነጥጡትም የሚነቃ አይመስልም። ይህን ቤት መልቀቅ እንደማይፈልግ ግን ያውቃል። ድሮ ከፊልም ንግግር ሲያመልጠው ሚስቱን "ምን አለ?" ይላት ነበር፤ እሷም ዓይኗን ከዳንቴሏ ሳታነሳ፣ "ይዋሻል" ብላ ትገላግለው ነበር።

"በር ተንኳኳ" አለ።

"እኔ አልሰማሁም።"

ሄዶ ከፈተ። ጠዋት የጠራው የቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሳ ሰፈሩ "ሽቦ" ይለዋል።

"ጋሼ፣ እነዚህ የግራና የቀኝ ስፒከሮች ሥራቸው ዝናብና ጥይት ነው" አለ ሽቦ፣ ጥቂት አዳምጦ ወደ ቴሌቪዥኑ ሥር እያጎነበሰ። "ወሬው የሚወጣው ከመሀሉ ስፒከር ነው። ታዲያ አፉን በምን ደፍናችሁት ነው..."

ስፒከሩን ተደግፎ የቆመው የሟቿ ፎቶግራፍ ነበር። በቀብሩ ዕለት ለቀስተኞች እዚያ አቆሙት፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አልነካውም።

"አይ የእኔ ነገር! ነፍስ ይማር ጋሼ።"

ልጅቷ እጇን ወደ ፎቶው ሰደደችና መልሳ ሰበሰበችው። "ይቅር፤ እዚያው ትሁን" አለች።

ልብስ ሰፊው ተነሳ። ፎቶውን አንስቶ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ። የፊልሙ ሰውዬ ድምፅ ወዲያው ጠርቶ ወጣ፤ "ነገ እመለሳለሁ" ይላታል ሴትዮዋን።

"ምን አለ?" አለችው ልጁ፣ ልትፈትነው።

"ይዋሻል።"

ፎቶውን በግራው ስፒከር ፊት፣ ጥይት በሚወጣበት በኩል አቆመው።

"ተኩስ አትወድም ነበር" አለ። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። "ሹራቤን ወደ ቦታው መልሺው።"