የአምስታችን ሰሌን

በጃንሆይ ጊዜ ነቀምቴ ውስጥ ቡና ለቃሚ ነበርኩ። ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ከደህናው ፍሬ መሃል ጥቁሩንና የነቀዘውን አውጥቶ መጣል። ወገብ ይቆርጣል፣ ዓይን ያፈዛል። እኔ ግን እወደው ነበር፤ የምወደውም ቡናውን ሳይሆን ሰሌናችንን ነው። አንድ ሰሌን ላይ አምስት ሴቶች ነበርን። ስንተማማ፣ ስንሳሳቅ ይመሻል። አንዷ ልጅ ከታመመባት የእሷን ድርሻ አራታችን እንለቅማለን።

በዕድሜ ትልቋ፣ እናታችን የምንላቸው አዴ በቀለች፣ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ወርቂቱ ሁልጊዜ ከጎናቸው ተቀምጣ እሳቸው የለቀሙትን ደግማ ታይላቸዋለች። ይህን ከአምስታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ወርቂቱ የሆዴን ሁሉ የማዋያት ጓደኛዬ ነበረች፤ ስወልድ ያረሰችኝም እሷ ናት። ስሟን ሳነሣ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ቡናው ሲበዛ ነጋዴው አበጋዝ ትልቅ መጋዘን አሠራና በየሰሌኑ የነበርነውን ሁሉ እዚያ ሊያጉረን ተነሣ። ስልሳ ሴት በረድፍ፣ አንዷ የሌላዋን ስም በማታውቅበት! እኛስ እንችለዋለን፤ አዴ በቀለች ግን ብቻቸውን ከተቀመጡ እንጀራቸው አለቀ ማለት ነው። ንግግር የምታውቀው ወርቂቱ ስለሆነች "አምስታችንን አትለያየን በይልን" ብለን ወደ እሱ ላክናት።

ስትመለስ "አይዟችሁ፣ ጨርሻለሁ" አለችን። አመንናት። ለምን አናምናት?

በማግስቱ አዲሱ መጋዘን ስንገባ በየረድፉ በታተኑን። ለእኔ ከአዴ በቀለች ኋላ ያለው ቦታ ደረሰኝ። ግራና ቀኝ ያሉት ሴቶች "አካም ቡልቴ" ብለው ሰላም እንኳ አላሉኝም። ወርቂቱ የለችም። እኔ ሞኟ አሟት ይሆን ብዬ ስጨነቅ፣ ከአበጋዝ ጋር ጎን ለጎን ብቅ አለች። የለቃሚዎቹ ካቦ ሆናለች።

"ፈጠን በሉ እንጂ!" ብላ ጮኸች።

አዴ በቀለች ድምፅዋን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። "ወርቂቱ፣ መጣሽ ልጄ? ነይ ከጎኔ። ዓይኔ ዛሬ ጭራሽ እምቢ ብሎኛል፤ ጥቁሩን ልቀሚልኝ።"

አበጋዝ ወርቂቱን አያት። እኔ በልቤ "ቀልዳቸውን ነው በይው፤ አንድ ቃል ብቻ" እላለሁ።

ወርቂቱ ጣቷን ወደ አዴ በቀለች ቀሰረች።

"ትናንት ዓይኗ አያይም ያልኩዎት እሷን ነው" አለችው።