የተቸነከረው በር

የመጨረሻው ሚስማር በሩን በስቶ ጫፉ በዲርሴ በኩል ብቅ አለ፤ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ለተቀመጠች ሴት ልክ በዓይኗ ትይዩ። ከበሩ ማዶ ወንድሟ ቫልዴኒር መዶሻውን ወለሉ ላይ ጣለና ሳቀ።

«በቃ፣ ተፋታን እህት ዓለም! ከዛሬ ጀምሮ ጎረቤትሽ ነኝ። ስኳር ሲያልቅብሽ በመስኮት ጥሪኝ።»

«ሚስማሩን መልሰው። ዓይኔን ሊያወጣው ነው።»

«ከጎረቤት ጋር እንዲህ ነው የሚወራው?»

 አብሯት የሚኖር ሰው መኖር አለመኖሩን የምታጣራው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ልትመጣ የቀራት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። የቁርሷን የበቆሎ ኩስኩስ የበላችበትን ሳህን አጠበችና ብቻውን መደርደሪያው ላይ አቆመችው። አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ማንኪያ። የቀረውን ቫልዴኒር ገና በጠዋት ወደ ጓሮው ክፍል አግዞታል።

በአራት ዓመቷ ፖሊዮ እግሮቿን ካደረቃቸው ወዲህ ከዚህ ቤት ወጥታ ሌላ ቦታ ኖራ አታውቅም። መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ድጎማ ከመጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እናቷ ከሞተች በኋላ ብቻዋን ያኖራት ይኸው ድጎማ ነው። ከስምንት ወር በፊት ግን ቫልዴኒር «ለአንድ ሳምንት» ብሎ ሻንጣውን ይዞ መጣ። ሶኮሮ የምትባለው ሴት አባራው ነው። አሥራ አምስት ዓመት አብረው ሲኖሩ እንፈራረም ባለችው ቁጥር «ወረቀት ፍቅር አይጨምር» እያለ አሾፈባት። ቢፈርም ኖሮ ሕጉ ከእህቱ ቤተሰብ ባልቆጠረው ነበር። ሕጉ የሚቆጥረው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖረውን ያላገባ ወንድም ነው፤ እናም በአርባ ስድስት ዓመቱ፣ በወረቀት ላይ፣ ቫልዴኒር ከእናቱ ቤት ያልወጣ ላጤ ሆነ። የአውቶቡስ ሾፌርነት ደመወዙ ለሁለት ሲካፈል ደግሞ ከገቢ ገደቡ ስለሚያልፍ የዲርሴን ድጎማ ያስቆማል።

እዚህ መኖሩን ለመንግሥት ያሳወቀው ራሱ ነው። ሞተር ሳይክል ሊገዛ የመኖሪያ ማስረጃ ሲጠየቅ የቤቱን የመብራት ደረሰኝ በስሙ አዛወረው። ድጎማው ሊቆም እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ከዚያ በሁለተኛው ወር ደረሰ።

«እኔ እንደሆን አልቀልብሽም፤ ከአሁኑ ልንገርሽ» አላት ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ። በሩን የመቸንከሩ ሐሳብም የእሱ ነው፤ በሩ ሲዘጋ የጓሮው ክፍል ራሱን የቻለ ቤት፣ እሱም ጎረቤት ይመስላል።

ዲርሴን የሚያስፈራት መራቡ አልነበረም። ድጎማው ከቆመ ሳሙናዋም መድኃኒቷም ከቫልዴኒር እጅ ሊሆን ነው። እጁን ታውቀዋለች። የመታጠቢያ ቤቱ በር ከወንበሯ ይጠባል፤ ደፉም ከፍ ያለ ነው። ቀድሞ ከድጎማዋ የምትከፍላት ሴት ታስገባት ነበር፤ ቫልዴኒር ከመጣ ወዲህ ግን በየጠዋቱ አንስቶ የሚያስገባት እሱ ነው። ባለፈው እሑድ «መቼ ነው የምትሄደው?» ብላ ስለጠየቀችው እስከ ቀትር አስጠብቋታል፤ ሬዲዮውን ከፍቶ፣ እየዘፈነ።

ሠራተኛዋ ግላውሲያ ትባላለች። የሬሲፌ ከተማን ዳገት በደረጃ ወጥታ ላብ በላብ ሆና ገባች። ዲርሴ ውኃ ብትሰጣት አልጠጣችም። መደርደሪያውን አየች፣ የሚስማሩን ጫፍ በጣቷ ነካች፣ ከዚያ በውጭ ዞራ የጓሮውን ክፍል አየች። ስትመለስ ጣቶቿን በወረቀት እየጠረገች ነበር።

«ምድጃው አዲስ ነው» አለች። «አንድም ቀን የተለኮሰ አይመስልም።»

«ውጭ ነው የሚበላው። ሾፌር አይደል?»

«እትዬ ዲርሴ፣ ሰው ላሳስርብዎት አልመጣሁም። ያየሁትን እጽፋለሁ፣ በቃ።» ብዕሯን ከፈተች። «መታጠቢያ ቤት ማን ነው የሚያስገባዎት?»

ከተቸነከረው በር ጀርባ ቫልዴኒር ሳል አደረገ።

ዲርሴ ሁለቱንም መልስ አየቻቸው። «ወንድሜ» ካለች፣ በየጠዋቱ የሚያነሳት ሰው ጎረቤት ነው ብሎ የሚያምን የለም። «ማንም» ካለች፣ ድጎማውን ያሰጣት፣ ያለ ሰው እርዳታ አትችልም የሚለው የሐኪም ወረቀት ውሸት ሊሆን ነው።

«ማንም» አለች።

«ወንበሩ በዚህ በር አያልፍም እኮ።»

«በወንበር አልገባም።»

«በምን ታዲያ?»

ዲርሴ የወንበሩን ፍሬን ያዘች። ወንበር ሳይኖራት፣ ልጅ ሳለች፣ ይህን ቤት በክርኗ እየዳኸች ታዳርሰው ነበር፤ እናቷ በእጅጌዎቿ ላይ ቆዳ ትሰፋላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት አልፏል። መቀመጫውን ይዛ ቁልቁል ተንሸራተተች፤ የመጨረሻውን ግማሽ ክንድ ግን ወደቀች። ወንበሩ ከግድግዳው ተላተመ።

«ኧረ እትዬ! አያስፈልግም፣ ይነሱ!»

«ማን ያንሳኝ?» አለች ዲርሴ። «ማንም የለም አልኩሽ እኮ። ይልቅ ጻፊ። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጻፊ።»

አንዱን ክርኗን ሰደደች፣ ከዚያ ሌላውን። ሲሚንቶው ቆዳዋን ላጠው። እግሮቿ እንደ እርጥብ ልብስ ከኋላዋ ተጎተቱ።

«ዲርሴ!» የቫልዴኒር ድምፅ ነው። «ምንድን ነው የወደቀው? ዲርሴ!»

በሩ ተገፋ። ራሱ የመታቸው ሚስማሮች አቃሰቱ እንጂ አልለቀቁም።

«ስሚኝ! አንቺ ሴትዮ፣ ምን እያደረግሻት ነው?»

ግላውሲያ በሩን አየች። ከዚያ ወለሉን።

«ጎረቤት ነው» አለች ዲርሴ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ሲጮህ ነው የሚውለው።»

በሩ እንደገና ተገፋ፤ አሁን በትከሻ። ከመቃኑ አቧራ ረገፈ። የግላውሲያ ብዕር ወረቀቱ ላይ ቆሟል፤ ምን እንደሚጽፍ ዲርሴ አልተመለከተችም። ደፉ ጋ ደርሳለች። መዳፏን ከላዩ አሳረፈችና ከፍታውን ለካችው። ከሚታወሳት ይበልጥ ነበር።