ልጥና ላሜራ

የልጄን ክንድ የሰበርኩት በዘነዘና ነው። ናስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት መጥታ ለጨዋታ ብላ የግቢያችንን የላሜራ በር በቡጢ ደበደበችው። እኔ በሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሄል እየወቀጥኩ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ የማስታውሰው መሬት ላይ ተጣጥፋ «ሆዮ፣ ሆዮ» እያለች ስትጮህ ነው። እናቴ ማለቷ ነው፤ የሰበረቻትን ሴትዮ ነው የምትጠራው።

ሰው ሁሉ ምን ሆነሽ ነው ይለኛል። የሆንኩትን ልንገራችሁ። ከተማው በታወከ ጊዜ ታይዋን በሚባለው ገበያ የልብስ ሱቅ ነበረኝ። ዱላና ፌሮ የያዙ ሰዎች ሲመጡ መዝጊያውን ከውስጥ ጎትቼ ቆለፍኩት። ወንድሜ ዐብዲፈታሕ ውጭ ቀርቶ ነበር። «ሂባቅ፣ ክፈቺ» አለኝ፣ ሦስት ጊዜ። አልከፈትኩም። ፌሮ ላሜራ ላይ ሲያርፍና ሰው ላይ ሲያርፍ ድምፁ ይለያያል፤ እኔ ለይቼ አውቀዋለሁ። በመጨረሻ ደሙ በመዝጊያው ሥር ገብቶ ጫማዬን ነካው። ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮ በተንኳኳ ቁጥር እጄ የኔ አይደለም። ሁለት ጎረቤት መትቻለሁ። የአንድ ባጃጅ ነጂ አፍንጫም ሰብሬአለሁ፤ እሱስ የእጁን ነው ያገኘው። ናስራ ግን ምን አደረገች?

በማግስቱ አክስቴ ኤዶ ደሄቦ ከሐርላ በታች ካለው መንደሯ መጥታ ልጅቷን ከነጀሶዋ ወሰደቻት።

«ናያ፣ አንቺ ሂባቅ፣ በየዓርቡ እኔ ጋ ነይ» አለችኝ። «ከብድ ትሠሪያለሽ። የጨረስሽ ቀን ልጅሽን ትወስጃለሽ።»

«ከብድና ልጅ ምን አገናኛቸው?»

«እኔ ምን አውቄ። አፍሽ ሥራ ከያዘ ቢያንስ አትሳደቢም።»

ከብድ የገጠር ቤታችንን የምናለብስበት ወፍራም ምንጣፍ ነው። ግራር ይላጣል፤ ልጡ እስኪለሰልስ በጥርስ ይታኘካል፤ ከዚያ ከሣር ጋር ይሰፋል። እናቴ ትሠራው ነበር፤ እኔ የከተማ ሰው ነኝ ብዬ ንቄው ነው ያደግሁት።

በመጀመሪያው ዓርብ ናስራ ስታየኝ ከኤዶ ጀርባ ተደበቀች። ደሜ ፈላ። ቢላዋውን ይዤ ወደ ግራሩ ሄድኩና ቆዳውን ገፈፍኩት፤ ከሥሩ እስከ ቁመቴ፣ ዙሪያውን፣ ነጭ ሥጋው እስኪታይ። ኤዶ ደርሳ እጄን በበትር መታችው።

«ግራር በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚላጠው» አለችኝ። «ሌላውን ጎን ትተሽለት በዚያ ይኖራል። ገደልሽው።»

እውነቷን ነበር። ዛፉ ደረቀ። እንዳይቆረጥ ከለከለች፤ በየዓርቡ አጠገቡ እንዳልፍ ብላ ነው።

ልጡ መጀመሪያ ይመራል፣ ምላስ ያደርቃል። መንጋጋዬ እስኪዝል አኝኬ እተፋለሁ፣ እንደገና አኝካለሁ። ቆይቶ ከመራራው ሥር ቀጭን ጣፋጭ ነገር ይመጣል። የረጠበው ጭረት በጣቶቼ መሃል ሲለሰልስ ትከሻዬ ሳላዝዘው ይወርዳል። የኤዶ ቤት ደግሞ አንድ ቆርቆሮ የለበትም፤ ነፋሱ ከብዱ ውስጥ ገብቶ ዝም ይላል። በሦስተኛው ዓርብ እዚያው በተቀመጥኩበት ተኛሁ። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

ከብዱ ባለቀ ቀን ናስራ ጀሶዋ ተፈትቶ ነበር። ትሪ ይዛ ስታልፍ ትሪው ከእጇ አመለጠና ድንጋይ ላይ ጮኸ። ተነሣሁ። እጄም ተነሣ። አፌ ውስጥ የነበረውን ልጥ ከምላሴ ጋር ነከስኩት፤ ደም ቀመስኩ። ልጄ ቁጢጥ ብላ ጭንቅላቷን ሸፍናለች፣ በዚያው በሰበርኩት ክንድ። ቡጢዬን ከብዱ ላይ አወረድኩት። ደጋገምኩት። የጣቶቼ አንጓ ተላጠ፤ ከብዱ ግን ምቴን ሁሉ ተቀበለኝ፣ አንዴም አልጮኸም። እጄ ሲደክም አለቀስኩ።

«አጎትሽ በሩን ቆልፌበት ውጭ ቀርቶ ነው የሞተው» አልኳት ለናስራ። «ክፈቺ ብሎኝ ነበር። ፈርቼ ነው ያልከፈትኩት። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

ክንዷን ከጭንቅላቷ አላወረደችም፤ ግን በሥሩ አየችኝ።

ኤዶ ከብዱን ጠቀለለችልኝ። «ቃሌ ቃል ነው። ጨርሰሻል፣ ውሰጃት።»

«ዛሬ አልወስዳትም» አልኩ። ከብዱን ተሸክሜ ብቻዬን ወደ ከተማ ተመለስኩ።

ከብዱን በግቢው በር ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ከላይ እስከ ታች ቸነከርኩት። ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ፤ ይሳቁ። በየዓርቡ መሄዴን አልተውኩም። ናስራ መጀመሪያ ራቅ ብላ ተቀመጠች፣ ከዚያ ጎኔ፣ ከዚያ ልጥ አቀበለችኝ፤ በመጨረሻም አብራኝ ወደ ቤት ተመለሰች።

ባለፈው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጓዳ ነበርኩ። በሩ ላይ ቡጢ ሲያርፍ ሰማሁ፤ ደብዛዛ፣ ደረቅ ሣር የሚመታ ድምፅ። እጄን አየሁት። ጭኔ ላይ ነበር።

«ሆዮ፣ ክፈቺ» አለች።

ሁለተኛ ሳታስጠራኝ ከፈትኩላት።