ጠል ያልደረቀበት ሣር

ቬሰል ስትሬይደምን አለቃ ያደረግነው ባርኔጣ አንሥተን ነው። የቀድሞው አለቃችን በጥይት ሲሞት ካርታ ማንበብ የሚችል ከእሱ በቀር ሌላ ሰው አልነበረንም። ዕድሜው ሃያ ሁለት ነው፤ ጢሙ ገና በወጉ አልወጣም። ሽማግሌው ባረንት ያን ቀን ባርኔጣውን መልሶ እየደፋ፣ «ምርጫ ነው እንጂ ጋብቻ አይደለም፤ ካልሆነልን እናወርድሃለን» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቬሰልም ሳቀ።

ሃያ ስድስት ነበርን። እንግሊዞች ደጋውን በጦር ሲሞሉት በየካቲት ወደ ቆላው ወረድን። በዚያ ወራት ቆላ ውስጥ ፈረስ የሚጨርስ በሽታ አለ። የሚመጣው ከጠል ጋር ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ሣሩን እስክታደርቅ ፈረስ አፉ ታስሮ ይቆማል። ይህን ከእኛ ከቦር ገበሬዎች እያንዳንዱ ከአባቱ ቤት ተምሮት ይወጣል። ታሞ የዳነ ፈረስ ብቻ ዳግመኛ አይያዝም፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ከመሃላችን የቬሰል ዳማ ብቻ ነበር።

አንድ ማለዳ ለቅኝት ወጥተው የነበሩ ሁለት ሰዎች እየጋለቡ መጡ። እንግሊዞቹ ወንዙን ተሻግረዋል፤ የሁለት ሰዓት መንገድ ቢቀራቸው ነው። ፈረሶቻችን ከትናንት ቀትር ጀምሮ አልበሉም፤ የሚጠብቃቸው የሙሉ ቀን ግልቢያ ነው። ሣሩ ነጭ እስኪመስል ጠል ይዟል።

«አፋቸውን ፍቱላቸው፤ አንድ ሰዓት ይጋጡ» አለ ቬሰል።

«አብደሃል እንዴ ልጄ?» አለ ባረንት። «ፀሐይዋ ገና ብቅ ማለቷ ነው!»

«አያለሁ አጎቴ ባረንት። እንግሊዞቹም ያይዋታል።»

«በባዶ ሆዳቸው እንሂዳ!»

«እኩለ ቀን ላይ ይወድቁብናል። ያኔስ?»

«ከሞቱም እኮ ይወድቃሉ!»

 ቬሰል ሰዓቱን አውጥቶ ማየት ጀመረ። እኔም የፈረሴን አፍ ፈታሁ።

አመለጥን። ያን ምሽት ቋንጣ እያኘኩ «ልጁ አዋቂ ነው» ያሉ ነበሩ። በስምንተኛው ቀን የባረንት ሐመር ፈረስ መሳል ጀመረ፤ ቀትር ላይ ከአፍንጫው ነጭ አረፋ እየወረደ ሞተ። ከዚያ በአምስት ቀን ውስጥ ሌሎች አሥር ፈረሶች አለቁ። የኔ ተረፈ፤ ለምን እንደተረፈ አላውቅም። ፈረስ የሞተበት ሁሉ፣ አንድ ቀን ከእንግሊዝ እማርካለሁ ብሎ ኮርቻውን ተሸክሞ በእግሩ ይከተላል።

እግረኞቹ ስብሰባ ጠሩ። በወጋችን አለቃ ይህን መከልከል አይችልም። ግራር ሥር ቆምን።

«የማይሞት ፈረስ ይዞ በሰው ፈረስ መፍረድማ ማን ያቅተዋል?» አለ ሩሎፍ የሚባለው እግረኛ።

«ያን ጠዋት ዳማዬን አላሰብኩትም» አለ ቬሰል። «ምናልባት ያደፋፈረኝ እሱ ይሆናል። እኔም አላውቅም።»

«ጥሩ አለቃ! አያውቅም!»

ይቆይ የሚሉ ባርኔጣ እንዲያነሡ ተባለ። አሥራ አራት ሆንን። ይውረድ የሚሉት አሥራ አንድ ሆኑ። ቬሰል ራሱ ድምፅ አልሰጠም፤ ሰዉን አንድ በአንድ ተመለከተ። ይቆይ ያልነው ሁላችንም ፈረስ የተረፈልን ነበርን።

«እንግዲህ አለቃ ነህ» አለው ባረንት። «እኛ እንደሆንን እንደ ኤሊ ነው የምንሄደው። ነገ ትታችሁን ሂዱ።»

ቬሰል ኮርቻውን ከዳማው አወረደና ልጓሙን ለባረንት ዘረጋለት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ውጣበት።»

«ልታባብለኝ ነው?»

«ትእዛዝ ነው አጎቴ። ከዛሬ ጀምሮ ሁላችንም የምንሄደው በእግረኛ እርምጃ ነው። ከፊት እኔ እሄዳለሁ።»

«ፈረሰኛ ቢደርስብንስ?»

«ይደርስብን ይሆናል።»

ባረንት አላመሰገነም። የራሱን ኮርቻ ዳማው ላይ ጫነና ጎኑን ዳሰሰው። «አጥንቱ ወጥቷል። አትመግበውም እንዴ?»

ጉዞ ጀመርን። በሦስተኛው ቀን ከእግረኞቹ አራቱ፣ ሩሎፍም ጭምር፣ ነጭ ጨርቅ ይዘው ለእንግሊዝ እጃቸውን ሊሰጡ ሄዱ። ቬሰል አልከለከላቸውም፤ ጠመንጃቸውን ብቻ ተቀበላቸው። ስድስቱ ኮርቻቸውን ተሸክመው ከኋላው ተከተሉ። እኛ ፈረሰኞቹ ፈረሶቻችንን በልጓም እየሳብን በእግራችን ከእነሱ ኋላ እንሄዳለን። የቬሰል የቀኝ ጫማ ሶሉ ተገንጥሎ በየእርምጃው ያጨበጭብ ነበር።