ሁለት ጊዜ ከሳትሽ

በነፋስ ስልክ ላፍቶ የእኔን መርፌ ያልቀመሰ ክንድ ካለ፣ ባለቤቱ ሰፈሩ ውስጥ ከገባ ገና ሳምንቱ መሆን አለበት። ሐኪም ተስፋ የቆረጠበትን ደም ሥር እኔ በጣቴ ጫፍ ዳብሼ አገኘው ነበር። "ለአስቴር ግድግዳ ብትሰጧት ከግድግዳው ደም ትቀዳለች" ይሉኝ ነበር። ማን ነው ያለው እንዳትሉኝ፤ ብለዋል።

ያኔ ስሜ ሲስተር አስቴር ነበር። ስሙ ራሱ ቤት ይመታል። ከዚያ የነርሶች አለቃ፣ ሜትሮን ሆንኩ፣ ማስተርሴን ያዝኩ፣ ምክትል ሆንኩ፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመቴ፣ ለቡ መብራት ኃይል ያለው ሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ቢሮዬ ኳስ ያጫውታል። ጸሐፊዬ ሜሪ "ወይዘሮ አስቴር" እያለች የጓንት ግዢ ታስፈርመኛለች፤ ጓንቱን ግን አላጠልቀውም። መስኮት ስከፍት ከታች፣ ከተኝቶ ታካሚዎች ክፍል፣ "ሲስተር!" ሲባል እሰማለሁ። በተጠራ ቁጥር ከወንበሬ እነሳለሁ። እነሳና ቆሜ እቀራለሁ።

ኮሌጅ ገብቼ ነርስነት ማስተማር የጀመርኩትም ለዚሁ ነው። ለሰው ስናገር ግን "ትውልድ ለመቅረጽ" እላለሁ።

ባለፈው ሐሙስ መቶ ተማሪ አስከትዬ ለተግባር ትምህርት ወደ ታካሚዎቹ ክፍል ወረድኩ። እሺ፣ ስድስት። ከሀና ማርያም የመጡ እማማ ትሩፋት የሚባሉ እናት ተኝተዋል፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስመልሳቸው ሰንብቶ ሰውነታቸው ደርቋል። ግሉኮስ ሊሰቀልላቸው ነው፣ ደም ሥር ግን ጠፍቷል።

"ዛሬ የምወጋው እኔ ነኝ" አልኩ። "ዓይኔን ጨፍኜ!"

እማማ ትሩፋት ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "አንቺ ደግሞ ከወረዳ ነሽ?"

"ነርስ ነኝ፣ እማማ።" ይህን ቃል ከአፌ ካወጣሁት ስንት ጊዜው! አፌ ውስጥ ጣፈጠኝ።

"ነርስ እንዲህ ያለ ታኮ ታደርጋለች እንዴ?"

ተማሪዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ደም ሥሩ እንዲወጣ ክንዳቸውን በጓንት አሰርኩ፣ መታ መታ አደረግኩ፣ ወጋሁ። ደም ሥሩ ሸሸ። በሌላኛው ክንድ ሞከርኩ። ቦታው አበጠ።

"ወይኔ ልጄ! እጄን እኮ ወንፊት አደረግሽው!"

ሦስተኛውን መርፌ አነሳሁ። ዮዳሄ የምትባል፣ ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ ተማሪዬ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ወይዘሮ አስቴር... ሁለት ሆነ።"

"ቆጣሪ ነሽ አንቺ?"

"እርስዎ ነዎት ያስተማሩን። ሁለት ጊዜ ከሳትሽ ለሌላ ስጪ ብለው።"

እውነቷን ነው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በፊርማዬና በማኅተሜ በየክፍሉ ያስለጠፍኩትም እኔ ነኝ። ግን ይህችን መርፌ ከሰጠሁ ሲስተር አስቴር ተመልሳ እንደማትመጣ ገባኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ብትሳካልኝ፣ እማማ አንድ ጊዜ "ተባረኪ ሲስተር" ቢሉኝ፣ ለሌላ ዘጠኝ ዓመት ይበቃኝ ነበር።

እማማ ትሩፋት በአገጫቸው ዮዳሄን አመለከቱ። "ይቺ ሲስተር ትሞክረኝ።"

ሃያ ዓመት እንኳ የማይሞላት ልጅ ናት። የእማማን ክንድ አየሁት፤ ስስ ነው፣ ሁለት ቦታ ጥጥ ተለጥፎበታል። መርፌውን ሰጠኋት።

ዮዳሄ አልቸኮለችም። ቁጭ አለች፣ በጣቷ ጫፍ ረጅም ጊዜ ዳበሰች፣ አንዴ ብቻ ወጋች። ደሙ ብቅ አለ። ፕላስተሩን እኔ ለጠፍኩ፤ አለጣጠፌን ብታዩት ለኤግዚቢሽን የሚቀርብ ነው።

መስቀያው ሌላ አልጋ ላይ ስለነበር የግሉኮሱን ከረጢት ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ወዲያው ከጥግ አልጋ "ሲስተር!" ተባለ። ዞርኩ። ዮዳሄ ግን ሄዳለች፤ አምስቱም ተከትለዋታል።

ሜሪ በሩ ላይ ብቅ አለች። "ወይዘሮ አስቴር፣ ቦርዱ ተሰብስቧል እኮ። መስቀያ ላምጣልዎት?"

"ተዪው። ይጠብቁኝ በያቸው።"

ጠብታዋ ቀስ እያለች ትወርዳለች። ሦስት ሰዓት ያህል ቆምኩ፤ በሜሪ አቆጣጠር ሃያ ደቂቃ።

"አልዛለሽም እንዴ ልጄ?" አሉ እማማ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"እኔ? እስከ ነገ እይዘዋለሁ፣ እማማ" አልኳቸው። ከረጢቱን ቀስ ብዬ ወደ ሌላኛው እጄ አዛወርኩት።