ትንሽ አሟቸዋል

ሽንኩርት በሦስት ቀን የሚደርስበትን ጌም የሠራው ሰው በሕይወቱ ሽንኩርት ሲተከል አይቶ አያውቅም። ትተክላለህ፣ አንድ ቁልፍ ተጭነህ ውኃ ታጠጣለህ፣ በሦስተኛው ቀን ትነቅላለህ። ትል የለም፣ ደላላ የለም፣ ዋጋው ጠዋት ሰማይ ነክቶ ከሰዓት አይወድቅም። ዓለም ጤና ከተማ ዳር ሽንኩርት ለሚያለማ ገበሬ ብታሳየው የቀለድክበት ይመስለዋል። እኔ ከአሥር ሦስት ሰጠሁት፤ እሱንም ጌሙ ውስጥ ለሚጭሩት ዶሮዎች ብዬ ነው።

ምልኬሳ ዘጠኝ ሰጠው።

"አንተ ሰውዬ፣ ሰው ጌም የሚጫወተው ሊያርፍ ነው ወይስ እዚያም ገብቶ ከደላላ ጋር ሊጨቃጨቅ?" አለኝ።

እኔም መለስኩለት፣ እሱም መለሰልኝ፣ ድምፄ ከፍ አለ። የተናደድኩት ግን በሽንኩርቱ አልነበረም። እናቱ ሞተዋል፤ እኔ አውቃለሁ፣ እሱ አያውቅም።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ነው፣ አዳማ፣ እኔ ቤት። ከምልኬሳ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ነው የምናስተምረው፤ እኔ ታሪክ፣ እሱ ሒሳብ። ሁለታችንም ወደ አርባ እየተጠጋን ነው፤ ሁለታችንም አላገባንም፤ ሰው ምን እንደሚለን እናውቃለን። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት ተገናኝተን በሳምንቱ የተጫወትናቸውን ጌሞች እያነሳን እንከራከራለን፣ ክርክሩን በድምፅ ቀድተን ቴሌግራም ላይ እንለቀዋለን። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ተከታይ አለን። ግማሹ ተማሪዎቻችን ናቸው፤ ለማርክ ብለው ይመስለኛል። የምንቀዳው በምልኬሳ ስልክ ነው፣ ማይኩ ከእኔው ይሻላል። ጥሪ እንዳያቋርጠን ገና ከበር ሲገባ ፍላይት ሞድ ላይ ያደርገውና ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። እስክንጨርስ አይነካውም።

የዚያን ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ እሱ ከመምጣቱ በፊት፣ እህቱ ኤቢሴ ከአቦምሳ ደወለችልኝ። ድምፅዋ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር።

"ጋሽ ሰብስቤ፣ እማዬ ትናንት ማታ አረፈች።"

ቀጥላ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በዚህ ሙቀት ከዚያ በላይ አይቆይም። አጎታቸው ኦቦ ጀቤሳ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከባቱ መኪና ይዘው ተነስተዋል። አምስት ሰዓት ላይ አዳማ ይገባሉ፣ ምልኬሳን ያረዱታል፣ ይዘውት ለቀብሩ ይደርሳሉ።

"እስከዚያ ስልክ እንዳያይ አድርገው። ብቻውን እንዳይሰማ። አደራ፣ ጋሼ።"

አደራ ካሉህ በኋላ ምን ትላለህ? እሺ አልኳት። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ መርዶ ባለቤት አለው። የእናት መርዶ ሲሆን ደግሞ የሟቿ ወንድም እያለ ጓደኛ አፉን አይከፍትም። እኔ ይህን ልማድ ክፍል ውስጥ ለልጆች አስተምራለሁ፤ ሰው ሐዘኑን ብቻውን እንዳይሸከም ታስቦ ነው ብዬ። ዛሬም ትክክል ይመስለኛል። ብቻ ሐዘንተኛው እስከ አምስት ሰዓት ጌም ሲያወራ ይዋል የሚል የትም አልተጻፈም።

ሦስት ሰዓት ላይ ምልኬሳ ብርቱካን በፌስታል ይዞ እየሳቀ ገባ። ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እኔ ሳልለፋ እሱ ራሱ ከዓለም ተቆረጠ።

ከሽንኩርቱ ቀጥለን ወደ ከባድ መኪናው ጌም ሄድን። መንገዱ ሁሉ ልስልስ ያለ ነው። ጉድጓድ የለ፣ መሃል አስፋልት ላይ ቆማ የምታስብ አህያ የለች፣ ኬላ የለ። ሾፌሩ አሥር ሰዓት ሲነዳ ከአንድ ሰው ጋር እንኳ አይነጋገርም። ዝናቡ መስታወቱን ሲመታ ያለው ድምፅ ግን ጥሩ ነው፤ ለሱ ብዬ ሰባት ሰጠሁ። ምልኬሳ ሾፌሩ ብቸኛ ስለሆነ ያሳዝናል አለ። ይሄ ሰው ለማንም ያዝናል።

"ዛሬ ምን ሆነሃል ግን? ሰዓት ሰዓት ታያለህ። ሴት ቀጥረህ ከሆነ ንገረኝና ልውጣልህ።"

"የምን ሴት አመጣህ?" አልኩት።

አምስት ሰዓት ሲል ስልኬ ጠራ። ወደ ጊቢ ወጣሁ። ኦቦ ጀቤሳ ናቸው።

"ልጄ፣ ዓለም ጤና ላይ መኪናው ፈላብን። ራዲያተሩ ተቀዷል። መካኒክ መጥቷል፤ ግማሽ ሰዓት ነው የሚለው።"

የመካኒክ ግማሽ ሰዓት ስንት እንደሆነ መኪና የሌለው ሰው እንኳ ያውቃል። ከአዳማ አቦምሳ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ስድስት ሰዓት ካለፈ አለቀ ማለት ነው። ሌላ መኪና ይፈልጉ ብዬ ለመንኳቸው። "እየፈለግን ነው፣ ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ አንተ ብቻ ያዝልን" አሉኝ።

ተመለስኩ። ሦስተኛው ጌም ሰውየው ቶሎ ቶሎ የሚሞትበት ነው። ዋሻ ውስጥ ትገባለህ፣ ትሞታለህ፣ ከበሩ ትነሳለህ፣ እንደገና ትገባለህ። ሳምንቱን ሙሉ ተጫውቼው አስተያየቴን ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር፦ "በዚህ ጌም ሞት ክብደት የለውም።" አሁን ይህን ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም።

"ይህን እንለፈው፣ ይደብራል" አልኩ።

"ምን ማለት ነው እንለፈው? እኔ በጣም የወደድኩት እሱን ነው።" ቀጠለ። አርባ ሰባት ጊዜ እንደሞተ ነገረኝ፣ ቆጥሮታል። መሞት እንዴት እንደሚያዝናና፣ ከእያንዳንዱ ሞት ምን እንደተማረ፣ በድልድዩ ላይ ሲሞትና በእሳቱ ሲሞት ያለውን ልዩነት ሁሉ። እንደ ሒሳብ መምህር ጣቱን እያጠፈ ነው የሚያስረዳው። እኔ ብርቱካን እልጣለሁ። ሦስት ብርቱካን ልጬ አንዱንም አልበላሁም። ተነስቼ አፉን ብይዘው ደስ ባለኝ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ጉዳይ ሲል ወጥቼ ኦቦ ጀቤሳ ጋ ደወልኩ። መካኒኩ ዕቃ ሊያመጣ ሄዷል። ሌላ መኪና አልተገኘም።

"ኦቦ ጀቤሳ፣ ከዚህ በኋላ ለቀብሩ አይደርስም። ይፍቀዱልኝ፣ እኔ ልንገረውና አሁኑኑ ከመናኸሪያ ይዤው ልውጣ።"

"አንተ? የእናቱን?" አሉ። ከኋላቸው የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። "አይሆንም፣ ልጄ። እንዲህ አድርግ። እናትህን ትንሽ አሟታል በለው። ሰው ነው፣ ይገባዋል። ይዘኸው ውጣ፤ እኛ እዚያ እንረከብሃለን።"

ልክ ናቸው። ቃሉን የማያውቅ የለም። በደህናው ቀን ትንሽ አሞታል ማለት ትንሽ አሞታል ነው። ድንገት አጠገብህ መጥተው ዓይናቸውን ሰብረው "ትንሽ አሞታል፣ ተነስ እንሂድ" ካሉህ ግን ነገሩ አልቋል። የሰማ ሰው ምኑን እንዳመመው አይጠይቅም፤ ጫማውን ያስራል። መርዶ ሳይሆን መርዶ ነው፤ ስሙ ሳይጠራ ሰውየውን ቤቱ ያደርሰዋል። እንዴት ቀድሞ አልመጣልኝም ብዬ ራሴን ረገምኩ።

ገባሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ምልኬሳ።"

"ወዬ።"

"ኤቢሴ ደውላ ነበር። እናትህን ትንሽ አሟቸዋል። ተነስ እንሂድ።"

አየኝ። ከዚያ ሳቀ፤ ከልቡ፣ ወደ ኋላ ተደግፎ።

"እማዬ አንተም ጋ ደረሰች? ቆይ፣ እኔ አላነሳ ስል ወደ ጓደኞቼ ዞራ ነው?" ዓይኑን ጠረገ። "እማዬን በዚህ አንድ ዓመት ስንቴ ትንሽ እንዳመማት ታውቃለህ? አምስቴ። ሰኔ ላይ ፈተና እያረምኩ ትንሽ አሞኛል አለችኝ። ደሜ ደርቆ፣ በሚኒባስ፣ ቆሜ ሄድኩ። መናኸሪያው በር ላይ ጥላ ይዛ ቆማ አገኘኋት። ዶሮ አርዳለች። ከስተሃል አለችኝ፣ አለቀ።"

"አሁን ግን የምር ነው።"

"ባለፈውም የምር ነበር። ለመስቀል ደግሞ በጣም አሞኛል ነው ያለችው። በጣም! ሄድኩ፤ ጎረቤት ሠርግ ስትጨፍር አገኘኋት።"

"ምልኬሳ፣ ስማኝ። በጣም አሟቸዋል።"

"አየህ፣ ወደ በጣም አሳደገችው።" ጆይስቲኩን አነሳ። "ሰኞ የማስረክበው ማርክ አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እሄድላታለሁ፣ አንተንም ይዤህ። ማታ ስንጨርስ እደውልላታለሁ። አሁን ከደወልኩ ውሸቷ እንደሠራ ታውቃለች፤ ትንሽ ትቆይ።"

ስለ እናቱ ሲያወራ ፊቱ ሁሉ በርቶ ነበር። አገሩ ሁሉ የሚግባባበትን ቃል እናቱ እትዬ አማረች ልጃቸውን ለማየት ሲሉ በጥቂቱ በጥቂቱ ጨርሰውት ሄደዋል። ከሱ ሌላ ቃል አልነበረኝም። ውሸት ነው፤ ነበረኝ። "ሞተዋል" የሚል ቃል ነበረኝ። ምላሴ ላይ መጣ፣ ቀመስኩት። ስድስት ሰዓት ሆነ።

"ለማንኛውም እንሂድ" አልኩት። "እኔም አቦምሳን አይቼው አላውቅም።"

"ቅዳሜ አልኩህ እኮ። ተው እንጂ፣ ይልቅ ለዋሻው ስንት ሰጠህ?"

ወጥቼ ደወልኩ። "አልገባውም" አልኳቸው።

"እንዴት አይገባውም?" ኦቦ ጀቤሳ ተቆጡ። "ትንሽ አሟታል አልከው?"

"በጣምም ብዬዋለሁ።"

"በቃ ተው። መኪናው ሊነሳ ነው። አንተ እንዳትነግረው። እኔ ራሴ ነኝ የምነግረው፣ እሷን እኔ ነኝ ያሳደግኳት።"

እዚያ ላይ መጮህ ነበረብኝ። ገብቼ ትከሻውን ይዤ መንገር ነበረብኝ፤ ሽማግሌዎቹ ቢቆጡ ይቆጡ፣ ቀብር አንዴ ነው። "እሺ" አልኩ። ገብቼ ለዋሻው ጌም አምስት ሰጠሁት። ለምን አምስት እንደሆነ እንዳስረዳ ጠየቀኝ፣ አስረዳሁት። የማወራውን አልሰማውም ነበር። ስድስት ተኩል ሆነ፣ ሰባት ሆነ፣ ምሳ በላን፤ እሱ በላ። በኳስ ጌም አራት ለዜሮ አሸነፈኝና ዛሬ ልጅ አደረግኩህ አለኝ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የጊቢው በር ተንኳኳ። በዚያ የአዳማ ፀሐይ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ፣ ኦቦ ጀቤሳ ከፊት። ምልኬሳ ጆይስቲኩን እንደያዘ ብድግ አለ። አንድ በአንድ አያቸው።

"አሟታል አይደል?" አለ። "ጋሼ፣ አሟታል አይደል? ትንሽ አሟታል በሉኝ።"

"ቁጭ በል፣ ልጄ" አሉት ኦቦ ጀቤሳ።

"አልቀመጥም። ትንሽ አሟታል በሉኝ።"

ግራና ቀኝ ያዙት። እንደ ወጉ ነገሩት። ወጉ ጥሩ ነው፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው ነበረ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ገና ከከተማ መውጣታችን ነበር። እኔና እሱ ከኋላ ነን፣ አንዱ ሽማግሌ በዚያኛው በኩል። ምልኬሳ ማልቀሱን ጨርሶ ወደ ውጭ ያያል። አሥር ሰዓት አካባቢ የኦቦ ጀቤሳ ስልክ ጠራ። በኦሮምኛ ጥቂት አወሩ፣ ዘጉት፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ተናገሩ።

"ከቀብር ተመልሰዋል። ድንኳን ገብተዋል።"

ምልኬሳ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እጄን ያዘኝ። የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢሰድበኝ ምንኛ በወደድኩ።

"አንተ ነግረኸኛል" አለኝ። "በስድስት ሰዓት ነግረኸኛል። ማንም ሰው ይገባው ነበር። እኔ ነኝ የሳቅኩት። ሁለቴ ነገርከኝ፣ ሁለቴ ሳቅኩባት።"

ኦቦ ጀቤሳ ከፊት ሆነው፣ "ልጁማ ነግሮታል፣ ምን ያድርግ" አሉ።

አልነገርኩህም ልለው ይገባ ነበር። ቃሉን ሰማህ እንጂ አልነገርኩህም፣ ፈርቼ ነው፣ ኳስ ስንጫወትም አውቅ ነበር። ዓይኑ ፊቴ ላይ ነው፣ መልስ ይጠብቃል።

"አዎ" አልኩት። "ነግሬህ ነበር።"